«ለመሆኑ ቀይ ናት?»

አራስ ጥየቃ ሲሄዱ የሚሰሟቸውን ጥያቄዎች እስቲ ያስታውሱ። መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ከዚያ «ወንድ ነው ሴት?» ቀጥሎ «ማንን ትመስላለች?» ይመጣል። ገንፎው ቀርቦ ቅቤው መሐሉ ላይ ሲቀልጥ ደግሞ ከትልልቆቹ እናቶች አንዷ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርባቸው፣ «ለመሆኑ ቀይ ናት?» ይላሉ። ሕፃኗ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትወሰዳለች። ፊቷን የሸፈነው ጨርቅ ገለጥ ይደረጋል። ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። «ቀይ ናት፤ አባቷን ነው የወጣችው።» ወይም፣ ትንሽ ዝምታ ካለፈ በኋላ፣ «ጠይም ናት፤ ግን ታምራለች።»

ውድ አንባቢያችን፣ በዚህ ወር የምናወጋዎት ስለዚያች «ግን» ነው። ስለ እሷ ለማውራት ደግሞ ጥያቄው ውስጥ ያለችውን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ከሥሯ ማገላበጥ ያስፈልጋል። «ቀይ» በየቀኑ ከአፍዎ ትወጣለች፤ ወጥ ሲሠሩ፣ መንገድ ሲሻገሩ፣ ኳስ ሲያዩ፣ ስለ ሰው ሲያወሩ። ሁልጊዜ ግን አንድ ነገር አትልም።

ቤትዎ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ካለ አውርደው ይግለጡት። በ1951 ዓ.ም የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ሊሆን ይችላል፤ ወይም በ1962 ዓ.ም የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ። ቃሏ «ቀላ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ ቀላ፣ ይቀላል፣ ቅላት፣ ቀይ። ግእዙ «ቀይሕ» ይላታል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ያንኑ ይላል። («አንገቱን ቀላው» የሚለው በጽሑፍ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ እንዳይደናገሩ።) ቀለምን መፍታት ለማንም መዝገበ ቃላት ከባድ ሥራ ነው። «ቀይ ምንድን ነው?» ቢባል ሌላ ቀይ ነገር ከመጥቀስ በቀር መልስ የለም። ደም፣ እሳት፣ በርበሬ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን።

አሁን ወደ ማድ ቤት ይግቡ። የትኛውም የምግብ አዘገጃጀት «ሽንኩርቱን ቀላ እስኪል ያቁላሉ» ይላል። ሽንኩርቱ እንደ ደም እስኪሆን የሚጠብቅ ባለሙያ የለም፤ ያኔማ ወጡ አሯል። «ቀላ አለ» የምንለው ወርቅማ ቡናማ ሲሆን ነው። ዳቦውም ከምጣዱ የሚወጣው እንዲሁ ቀላ ሲል ነው። ቀይ ጤፍ የምንለው እህል ቡናማ ነው። ቀይ ሥር ሲከትፉት እጅዎን የሚያቀልመው ወይን ጠጅ ነው። ከማድ ቤቱ ቀዮች ሁሉ ስሙን በትክክል የተሸከመው በርበሬ ብቻ ይመስላል፤ ቀይ ወጥንም ቀይ ያሰኘው እሱ ነው። በነገራችን ላይ በርበሬ ያልገባበት አልጫ ለሰው ስም ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ «አልጫ ሰው» ከተባለ ለዛ የለውም ማለት ነው። «ቀይ ወጥ ሰው» ግን አይባልም። ቋንቋ ሁልጊዜ ሚዛን አይጠብቅም።

ታዲያ ቡናማውን ሁሉ ለምን ቀይ እንላለን? የቀለም ስሞቻችንን አንድ በአንድ ቢያዩ መልሱ እዚያው አለ። «ቡናማ» ከቡና የተወሰደ ነው። «ሰማያዊ» ከሰማይ፣ «ብርቱካናማ» ከብርቱካን። ቋንቋ ለቀለም ስም ሲያጣ ከሚታይ ነገር ይዋሳል። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ግን እንዲህ ያለ አበዳሪ የላቸውም። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ወደ 100 የሚጠጉ ቋንቋዎችን አነጻጽረው ነበር። ሁለት የቀለም ስም ብቻ ያለው ቋንቋ የሚለየው ጨለማውንና ብርሃኑን፣ ማለትም ጥቁሩንና ነጩን ነው። ሦስተኛ ስም ካለው ግን ያ ሦስተኛው ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አገኙት። ከዚያ በኋላ ነው አረንጓዴውና ቢጫው የሚከተለው፤ ቡናማ ገና ሩቅ ነው። ብዙ ስም በሌለበት ዘመን ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ሁሉ የሚጠለለው በቀይ ጣሪያ ሥር ነበር። የሸክላው አፈር፣ የላሟ ጠጉር፣ የሰውም ቆዳ።

ይህን የቃሏን አሮጌ ስፋት ዛሬም በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ከጎንደር ወደ ሰሜን ይውጡ። ዳባትን አልፈው ደባርቅ ሲደርሱ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢው ይጠብቃል። በዚህ አገር ከብት ጠፋኝ የሚል ገበሬ ቀለሙን የሚነግርዎ እንደ ፖሊስ መዝገብ በጥንቃቄ ነው። «ቀይ በሬ» ብሎ አያበቃም፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለው «ቀይ ቦራ» ይላል። ዝንጉርጉሩ ቡሬ ነው፤ አመድማው ዳልቻ። ፈረሱ ዳማ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮዋ ገብስማ። ከእነዚህ አንዱም ምስጋና ወይም ስድብ አይደለም። ባለቤቱ በሬውን ቀይ ሲል በሬው አይኮራም፤ ጎረቤቱ ያለው ጥቁር በሬም አያፍርም። የሚፈለገው እንስሳው እንዲታወቅ ብቻ ነው።

ከደባርቅ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ወደ ላይ ሲዘልቁ፣ ጓሳውና ጅብራው በበዛበት ከፍታ፣ የአካባቢው ታዋቂ ባለ «ቀይ» ስም ይኖራል። ቀይ ቀበሮ። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ እነዚህ ተራሮች የመጣው ጀርመናዊው የተፈጥሮ አጥኚ ኤድዋርድ ሩፔል ለዓለም ሳይንስ ሲያስተዋውቀው «ካኒስ ሲመንሲስ» አለው፤ ሁለተኛው ቃል «የሰሜኑ» ማለት ነው። ስለዚህ እንስሳው ዛሬ ባሌ ውስጥ ሲሮጥም የሚጠራው በዚህ ተራራ ስም ነው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ባሌ ነው። በመላው ዓለም የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለረጅም ጊዜ «የሰሜን ቀበሮ» ሲሉት ኖረው፣ በ1990ዎቹ በተደረገ የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዱ ተኩላ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው ስም በረታ። ሳይንሱ ስሙን ሲያሻሽል አማርኛው አልተነቃነቀም። ለአገሬው ሰው ዋናው ነገር ዘመዱ ማን እንደሆነ ሳይሆን ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነበር። የቀበሮውም ቅላት የበርበሬ ቅላት አይደለም፤ የዝገትና የሸክላ ነው። ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር።

አንድ ነገር ይጨምሩበት። የቀይ ቀበሮ ግልገሎች ሲወለዱ ቀይ አይደሉም። የከሰል ግራጫ ናቸው፤ ቅላቱ የሚመጣው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ይህን ያስቀምጡልን፤ ወደ ሰው ሕፃን ስንመለስ ያስፈልገናል።

ቀይ ቀበሮ በሚያድንበት ጓሳ ላይ የሚግጠው ጭላዳም ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለበት ቀይ ምልክት አለው። በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች የወንዶቹን ደረት በፎቶግራፍ ለክተው፣ የራሳቸው ቤተሰብ ያላቸው መሪዎች ከሌሎቹ ወንዶች ይበልጥ ቀይ ደረት እንዳላቸው አሳይተዋል። ለጭላዳ ቅላት ማዕረግ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ እኛም ጭላዳውን ለመታዘብ ብዙ ድፍረት የለንም።

ሰውን «ቀይ» ብሎ መጥራት ትናንት የመጣ የከተማ ቋንቋ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በግእዝ ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፣ ጥቁር ሕዝብና ቀይ ሕዝብ የሚሉ አጠራሮች ገብተውበታል። ከ1,600 ዓመታት በላይ የሆነው ጽሑፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ አክስትዎ የሕፃኗን ፊት ገልጠው «ቀይ ናት» ሲሉ የሚናገሩት በጣም አሮጌ ቋንቋ ነው።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ ያለውን ደረጃ ሁላችንም ሳንማረው እናውቀዋለን። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር። መሐል ላይ ያለው «ዳማ» ከላይ ያነሳነው የፈረሱ ቀለም ነው፤ ከጋጣ ወጥቶ ሳሎን ገብቷል። «ነጭ» ደግሞ ለፈረንጅ የተተወ ነው። የቱንም ያህል የነጣ ሐበሻ ቀይ ነው እንጂ ነጭ አይባልም። ይህ ለውጭ ሰው ማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚያድጉ የአክስትና የአጎት ልጆችን ያስቡ፤ አንዷ እቤት «ቀዮ» ትባላለች፣ ሌላዋ «ጥቁሬ»። ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ግን ሁለቱም አንድ ሣጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ። ትልቋ እንግሊዝኛ ስትለምድ «ቀይ ነሽ» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጣ ለጓደኞቿ ብትነግር የሚገጥማት ግራ መጋባት ይታይዎ። በዚያችው ከተማ ስሟን ይዞ የሚጫወተው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን «ቀይ ቆዳዎች» የሚለውን የቆየ መጠሪያውን በ2020 (እ.ኤ.አ.) የጣለው የአገሩን ነባር ሕዝቦች ይሰድባል ተብሎ ነው። አንዱ ዘንድ ሙገሳ የሆነው ሌላው ዘንድ ስድብ ነው፤ ቆዳው ግን ያው ቆዳ ነው።

ይህ የመልክ ቋንቋ ጥሩ ጎን እንዳለው አንክድም። «የጠፋ ሰው አፋልጉን» የሚለውን ማስታወቂያ ሰምተው ያውቃሉ። ቁመቷ መካከለኛ፣ መልኳ ጠይም፣ የለበሰችው... ይላል። እዚያ ላይ «ጠይም» እንደ ገበሬው «ቀይ ቦራ» ንጹሕ ነው፤ ሰው ለማግኘት ብቻ ይሠራል። «ቀዮ» እና «ጥቁሬ» የሚሉት የቁልምጫ ስሞችም ብዙ ቤት ውስጥ ከፍቅር ሌላ ምንም የለባቸውም። እነሱን እናጥፋ የሚል ሐሳብ የለንም፤ ቢኖረንም ማን ይሰማናል።

ሌሎቹን የ«ቀይ» ዘመዶች በፍጥነት እንለፋቸው። «ቀይ ካርድ ሰጠችው» ከተባለ ፍቅራቸው አብቅቷል፤ ካርዱ ራሱ የመጣው ከ1970 (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ነው፤ ሐሳቡን ያፈለቀው እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ከትራፊክ መብራት ወስዶ። «ቀይ መብራት» መንገድ ላይ ቁም ማለት ነው፤ በአንዳንድ የከተማ ሰፈሮች ደግሞ በር ላይ ሲበራ ግባ ማለት ነበር። «ቀይ መስቀል» እዚህ አገር በማኅበር ደረጃ ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ አለ። «ቀይ መስመር» የፖለቲከኞች ነው። «ቀይ ሽብር»ን ግን ፈጥነን ልናልፈው አንችልም። ከ1969 ዓ.ም ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ፣ በተለይም ክፉኛ ለተጎዳችው ጎንደር፣ ያ ቃል ሥርዓት ወይም ርዕዮት ሳይሆን ከፎቶግራፍ ላይ የሚያይ የአንድ ወንድም ወይም የአንዲት እህት ፊት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጆች «ሽብር» የሚለውን ቃል ለጨዋታ ሲጠቀሙበት አያት ለምን ፊታቸውን እንደሚያዞሩ የሚያውቅ ልጅ አሁን እየቀነሰ ነው። ካልነገሯቸው ይንገሯቸው።

ወደ ሕፃኗ እንመለስ። ከላይ የቀይ ቀበሮ ግልገል ጠቁሮ ተወልዶ ኋላ ይቀላል ብለናል። የእኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። ሲወለድ ቆዳው ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ገና በሙሉ አልወጣም፤ ከሥሩ ያለው ደም በስሱ ቆዳ በኩል ይታያል፤ ስለዚህ ይቀላል። ትክክለኛ መልኩ የሚገለጠው በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ቀድሞ የሚጠቁረው የጆሮ ጫፍና የጥፍር ሥር ነው። እንግዲህ በአሥረኛው ቀን የሚሰጠው «ቀይ ናት» የሚል ፍርድ ማስረጃ ሳይሰማ የተሰጠ ነው። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ወር «ስትወለድ ቀይ ነበረች፣ ምን አገኛት?» ተብላ የምትጠየቅ እናት አትስቅም። ፀሐይ ስላሞቀቻት፣ ቅቤ ስለቀባቻት፣ ጥቁር ቡና ስለጠጣች ነው የሚላትም አይጠፋም። ምንም አላገኛትም። ልጅቷ የራሷን መልክ እየያዘች ነው።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደግሞ ቃሉ ሌላ ጣጣ አለው። «ሽፍታው ከቀላ፣ ቁስሉ ዙሪያው ከቀላ ይምጡ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የተጻፈው ነጭ ቆዳን አስቦ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነት ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው ጠቆር፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ይላል። ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ፤ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፣ ይሞቃል? አብጧል? ልጁ ሲነኩት ያለቅሳል? የአራስ ልጅ ቢጫ መሆንም እንዲሁ ነው። በጠቆረ ልጅ ላይ የሚታየው ከፊቱ ይልቅ በዓይኑ ነጭና በድዱ ላይ ነው። የደም ማነስን ለማየትም ሐኪሙ ጉንጭዎን አያይም፤ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጎ ውስጡን ነው የሚያየው። ቀይም ይሁኑ ጥቁር፣ እዚያ ውስጥ ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀይ ልንሆን ይገባል።

ስለ ደም ካነሳን ሰሜኖች የሚኮሩበት አንድ እውነት አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን አብዝቶ ይገኛል። አምባራሶች ግን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሄሞግሎቢን ነበራቸው፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም አልቀነሰም። ደማቸው ከሌላው ሰው አብልጦ ሳይቀላ ተራራውን ችለውታል።

ከአምባራስ ከፍ ብለው በቧሂት ተሻግረው ወደ በየዳ፣ ወደ ራስ ደጀን አገር ቢዘልቁ፣ እረኛ ልጆች ጉንጫቸው ጠቁሮና ተሰነጣጥቆ ያያሉ። ከተማ ያደገ ሰው «ቀይ ነበሩ፤ ብርድና ፀሐይ አጠቆራቸው» ብሎ ያዝናል። ፀሐዩ እውነት ነው፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ነገር ግን የጠቆረው ጉንጭ ጉዳቱ ሳይሆን መከላከያው ነው። ሜላኒን ጨረሩን እየመጠጠ ከሥሩ ያለውን ሕዋስ ይጠብቃል። ለተሰነጣጠቀው ጉንጭ ቅባትና ባርኔጣ ይበጃል። መጥቆሩ ግን በሽታ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ያቺ «ግን» ዋጋ ማስከፈል የምትጀምረው። «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስድብ የለም፤ ሙገሳ ነው የተባለው። ሙገሳው የቆመው ግን ጥቁር ሆኖ ማማር ያልተለመደ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። «ቀይ ናት ግን ታምራለች» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? ይህ ሐሳብ ከባዶ አልመጣም። በዚህች አገር ባርነት ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ጥቁረት ከባሪያ ጋር ተያይዞ ሲነገር የኖረ ነው፤ ከዚያ ዘመን የተረፉ ስድቦች እስከ ዛሬ በጠብ መሐል ብቅ ይላሉ። አዋጁ ሰውን ነጻ አወጣ፤ ቃላቱን ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ግን የለም። ልጆች ደግሞ ታሪኩን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚወርሱት። የአምስት ዓመት ልጅ «ግን» ከምን በፊት እንደምትመጣ በትክክል ታውቃለች።

ያቺ ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላት ሱቅ ትገባለች። መደርደሪያው ላይ «ፊት የሚያቀላ»፣ «የሚያጠራ»፣ «የሚያፈካ» የተባሉ ቱቦዎችና ሣሙናዎች ተደርድረዋል። ከእነዚህ በርከት ያሉት ምን እንደያዙ አይጽፉም። ሜርኩሪ ያለባቸው ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እነዚህን ቅባቶች ከገበያ ለማስወጣት የወሰነው ለዚህ ነው። ሃይድሮኪኖን የያዙት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ አንዳንድ ሰው ላይ ፊቱን ሰማያዊ እስኪመስል ያጠቁሩታል፤ ይህም በቀላሉ አይመለስም። ስቴሮይድ ያለባቸው ቆዳውን ያሳሱታል፤ ሲቆሙም ብጉርና ሽፍታ ይተካል። ቱቦው ላይ የይዘት ዝርዝር ከሌለ፣ ወይም «ሜርኩሪ»፣ «ካሎሜል»፣ «ክሎቤታሶል» የሚሉ ስሞችን በላቲን ፊደል ካዩበት፣ አይግዙት። ልጅዎ ቀድማ ገዝታ ከሆነ ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቀው አይጣሉ፤ ይዘውት አብረው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ አንዳንዱን በድንገት ማቆም ራሱ ችግር አለው። ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ጊዜ ተቀባሽ?» ነው። እርስዎ ግን ሌላውን ጥያቄ ቤት ውስጥ በእርጋታ ሊጠይቋት ይችላሉ፤ ጥቁር መሆኗን መጀመሪያ ጉድለት አድርጎ የነገራት ማን ነው? መልሱ ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም።

ለአራስ ጥየቃው የሚሆን አንድ የሚሠራ መላ እንንገርዎ። ትልቅ ሰውን መገሠጽ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። «ቀይ ናት?» ሲሉ «እንጃ እትዬ፣ ገና መልኳን አልያዘችም፤ ዓይኗን ግን አዩልኝ?» ይበሉ። ውሸት የለበትም፤ ከላይ እንዳየነው በእርግጥም ገና አልያዘችም። «ግን»ም በዚህ መልክ መጥፎ ቃል አይደለችም።

ትልቅ ልጅ ካለዎት ደግሞ በዚህ ቅዳሜ ይህን ይሞክሩ። ወረቀትና 12 ቀለም ያለው የእርሳስ ፓኬት ሰጥተው መላ ቤተሰቡን እንድትስል ይጠይቋት። «ቀዮ» የምትባለውን አክስቷን ስትቀባ ቀዩን እርሳስ አታነሳም። ቡናማውን ታነሳለች፤ ምናልባትም ለእርስዎ ያነሳችውን ያንኑ ቡናማ፣ ትንሽ ቀለል አድርጋ። ለምን ቀዩን እንዳላነሳች ይጠይቋትና የምትልዎትን ይስሙ።